ጀርባውን ያላየሁት ወረቀት

ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመርኩት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነው። በሙያው ያላችሁ ይህን ስታነቡ እንደምትስቁ አውቃለሁ። እናቴ «የመጀመሪያ ቀንህ ነው፤ ሰው መስለህ ሂድ» አለችኝና ሰው መስዬ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረቴ ላይ የአምስት ጣት አሻራ በጥቁር ቀለም ታትሞ ነበር። አሻራው የራሴ ነው።

«ይህ የመጀመሪያ ሥራህ ነው» አሉኝ አቦይ ሃብተ ሸሚዜን እያዩ። «ግን እርማት ያስፈልገዋል።»

አቦይ ሃብተ የፊደል ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ እንደ ጣሊያኖቹ አጠራር ካፖ፣ አለቃ፣ ይላቸዋል። የቤቱ ባለቤት ሲኞር ሪኖ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነበር። ማተሚያ ቤታችን ከገዛ ባንዳ ሰፈር በእግር ጥቂት የሚያስኬድ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ወለሉ የቀለምና የነጭ ጋዝ ሽታ የጠገበ ቤት ነበር።

የተቀጠርኩት ተማሪ ቤት አማርኛ ስለተማርኩ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አንድ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ብዙም አልቆየም ነበር። የቢሮውም የትምህርት ቤቱም ሥራ አማርኛ ሆነ። አቦይ ሃብተ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለቀሙት፣ ፊደል በፊደል ለኅትመት የደረደሩት፣ ትግርኛና ጣሊያንኛ ነው። የአማርኛውን ፊደል ያውቁታል፤ ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ ይሸሻቸዋል።

የዚያን ቀን የሰጡኝ ሥራ ፊደል መመለስ ነበር። ታትሞ ያለቀ ገጽ ፊደሎቹ የታሰሩበት ክር ይፈታል፤ እያንዳንዱ የእርሳስ ፊደል እየተለየ ወደ ሳጥኑ፣ ወደየክፍሉ ይመለሳል። ጀማሪ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ከመላሽነት ወደ ለቃሚነት፣ ከለቃሚነት ወደ ገጽ አሳሪነት፣ ዕድሜና ጤና ካለ ደግሞ ወደ ካፖነት ይወጣል። እኔ ሁሉንም ወጥቻለሁ። የምነግራችሁ ለቃሚ በነበርኩበት ጊዜ የሆነውን ነው።

ከሰዓት በኋላ አቦይ ሃብተ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ሰጡኝና ከሳጥኑ ውስጥ «ቐ»ን ከነቤተሰቧ እንዳወጣ አዘዙኝ። አማርኛ አይፈልጋትም፤ የትግርኛ ሥራ ደግሞ ቆሟል። ለቅሜ ስጨርስ ቆርቆሮው ከባድ ሆነ።

«ወደ ማቅለጫው ልውሰደው?» አልኳቸው።

«ኖኖ፣ ደሓን፣ ይቀመጥ» አሉኝና ጠረጴዛቸው ሥር ገፉት። «ምግብ አይጠይቅም።»

ሲኞር ሪኖ በወረቀት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ጠፍቶ ቤቱን ሊዘጋ ደርሶ ነበር ይባላል። ስለዚህ አንድ ሕግ ነበረው፦ ጀርባው ነጭ የሆነ ወረቀት አይጣልም። ቀለም የፈሰሰበት፣ ተጣሞ የታተመ፣ ከተፈለገው በላይ የወጣ ሁሉ የታተመው ፊቱ ወደ ታች፣ ነጩ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ከእጅ ማተሚያዋ አጠገብ ይከመራል። ለእርማት የምናወጣውን የሙከራ ወረቀት፣ ፕሮቫ የምንለውን፣ የምናትመው በዚያ ክምር ላይ ነው።

ጥቂት ወራት እንደሠራችሁ ዓይናችሁ የታተመውን ፊት ማየት ይተዋል። ለእኛ ያ ፊት የለም። አንድ ጊዜ የጸሎት መጽሐፍ ፕሮቫ በቢራ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ አውጥተን ለአንድ ቄስ ሰጠን። ቄሱ ገልብጠው አዩና «ይህንንም ልረመው?» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ደንበኞቻችን ልማዳችንን ያውቁታል። ለጽሑፍ ምርመራ የሚላከው ንጹሕ ፕሮቫ ብቻ በሁለቱም ፊት ነጭ በሆነ ወረቀት ላይ ይወጣል። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት መርማሪው ቢሮ አይቶ መፍቀድ ነበረበትና።

ጠዋት ጠዋት የምንሠራው የመንግሥት ማስታወቂያ ነበር። ወረቀቱን ራሳቸው ያመጣሉ፤ ወፍራም፣ እንደ ወተት የነጣ ወረቀት ነው። ጽሑፉ በታይፕ ተመትቶ ይመጣል፤ እኛ እንለቅማለን፣ እናትማለን፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ጠዋት የመጣው ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ነበር፦ በቆላው ሰላም ነው፤ ሕዝቡ በደስታ አዝመራውን እየሰበሰበ ነው፤ የተለየ ወሬ የሚያወራ የሰላም ጠላት ነው። የዚያን ሰሞን የአቦይ ሃብተ እህት ቤቷ በውጊያ ተቃጥሎ ከቆላ ሸሽታ ዓባ ሻውል ሰፈር እሳቸው ዘንድ ተጠግታ ነበር። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ፊደል የሚደረድሩበትን የብረት መያዣ አነሱ፣ «ሰላም ነው» የሚለውን ፊደል በፊደል ለቀሙ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

«አቦይ፣ እርስዎ ቢተዉት እኔ እለቅመው ነበር» አልኳቸው።

«አንተ ብትለቅመው ይለወጣል?» አሉኝ። ቀጥለውም ከአማርኛ ተረት ሁሉ ጠንቅቀው የሚያውቋትን አንዷን ጣሉልኝ፦ «ዝም አይነቅዝም፣ ወደይ፣ ልጄ።»

መምህር ተስፋይ ወደ ማተሚያ ቤታችን የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ማይ ጭሆት ሰፈር የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ መምህር ነበሩ። በትግርኛ ሲያስተምሩ ኖረው በአንድ ክረምት አማርኛ አስተማሪ ሁን የተባሉ ሰው ናቸው። ልብ ወለድ እየጻፉ ነበር። በአማርኛ የጻፉት በሌላ ቋንቋ እንደማይወጣ ስለሚያውቁ ነው። የእጅ ጽሑፉ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሙሉውን አይሰጡንም፤ አንድ አንድ ምዕራፍ በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ።

ልቀማው ለእኔ ተሰጠ። ታሪኩ ቅን አምባ ስለምትባል፣ በካርታ ላይ ስለሌለች አገር ነው። አርባ ቤተሰብ ከጨካኝ ባለርስት ሸሽተው አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ላይ ይወጣሉ። አንድ ጎተራ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ማንም ከጎረቤቱ አይበልጥም ብለው ይማማላሉ። ከመካከላቸው ደጉን ሰው መርጠው የጎተራ ጠባቂ ያደርጉታል። ድምፁ የሚያምረውን መርጠው አዋጅ ነጋሪ ያደርጉታል። ነጋሪው በየምሽቱ ድንጋይ ላይ ቆሞ ዛሬ ወደ ጎተራ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ ይናገራል። ጎተራው ቁልፍ የለውም። ለምን ቁልፍ ያስፈልጋል? ሁሉም ሰው በየምሽቱ ይሰማ የለም?

ፊደል ለቃሚ መጽሐፍ አያነብም ይባላል። እውነት ነው፤ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያየውም። ይህን መጽሐፍ ግን አነበብኩት። እጄ እየቆመ አስቸገረኝ። አቦይ ሃብተ «ክፍሎም፣ ትለቅማለህ ወይስ ትጸልያለህ?» እያሉ ያነቁኝ ነበር።

ታሪኩን የሚከታተል ሌላም ሰው ነበር። ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው በራችን ላይ ሻሂ ይሸጣል። የአማርኛ ቃል ሲጎድለኝ ወደ እሱ እወጣለሁ። አንድ ቀን ስለ ቅን አምባ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ሲያቀብለኝ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ።

«ጎተራውን ከፈቱት?»

«ገና ነው።»

«አይ የኔ ጌታ! ምን ይጠብቃሉ?» ይላል፣ ጎረቤቶቹ የሆኑ ያህል ተበሳጭቶ።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ዓመት ዝናብ ይቀራል። ጠባቂው ነጋሪውን ጠርቶ «ሕዝቡ እንዳይሸበር ጎተራው ሙሉ ነው በል» ይለዋል። ክፋት አልነበረበትም። ነጋሪው ይላል። ሕዝቡ ተረጋግቶ ያድራል። በሚቀጥለው ዓመት ጠባቂው ለልጁ ሠርግ ከጎተራው ይወስዳል፤ ነጋሪውም ሙሉ ነው ይላል። እየቆየ የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ ይባላል፤ ምቀኛ የተባለ ከጉድጓዱ አይቀዳም። ሕፃናቱ በባዶ ሆዳቸው ስለ ሙሉው ጎተራ እየዘፈኑ ያድጋሉ።

አንድ ቀን መምህር ፕሮቫ ሲያርሙ ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ በልብ ወለድ ውስጥ እንዲህ ያለ ደግ አገር ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው። ለምንድን ነው? አንድ እንኳን አይቀናውም?»

«አንተ ለምን ይመስልሃል?»

«መሪው ይከፋል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ነው። ሕዝቡ ደጉን ሰው አይቶ ሥልጣኑን አላየም።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ክፉ መሪማ የትም አለ፣ ሓወይ። ክፉ መሪ ብቻውን አገር አያፈርስም። እህል ሲሰርቅ ይታያላ! አገር የሚፈርሰው ጎተራውን የሚጠብቀው ሰው አዋጁንም የሚጽፈው እሱ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የጎደለው አይታይም። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ግን ማንም ከፍቶ አያይም፤ ነጋሪው ነግሮታል።»

«ታዲያ ጥፋቱ የነጋሪው ነው?»

«እሱን ነው የምጽፈው። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ደርሻለሁ። አንዲት ልጅዋ በረሃብ የሞተባት እናት ነጋሪውን መንገድ ላይ ትይዘዋለች። ‹ለምን ሙሉ ነው አልክ?› ትለዋለች። ምን ብሎ እንደሚመልስላት አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወይ ክፉ ይሆንብኛል፣ ወይ የሚያሳዝን።»

ጠዋት የለቀምነው ማስታወቂያ ገና ከፊቴ አልተፈታም ነበር። ብዙም ሳላስብ «‹እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው› ይላታል» አልኳቸው።

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «ክፉም አይደለም፣ ደግም አይደለም። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ።» እርሳሱን አንሥተው እንዳለ ጻፉት። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባልኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ዘጠኙ ምዕራፍ ተለቅሞ፣ ታርሞ፣ በክር ታስሮ ተቀመጠ። የቀረው አሥረኛው ብቻ ነበር፤ እሱን መምህር ገና አልጻፉትም። መርማሪው ቢሮ ለማየት ወራት ስለሚፈጅ ዘጠኙን አስቀድመው ሊያስገቡ ፈለጉ። ንጹሕ ፕሮቫ አውጣልኝ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው እንደተከፈተ ከእጅ ጽሑፋቸው ጋር ሊያደርሱት ተቃጠርን።

ስምንቱን ምዕራፍና የዘጠነኛውን መጀመሪያ በነጭ ወረቀት አወጣሁ። አንድ ገጽ ሲቀረኝ ነጭ ወረቀት አለቀ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ሲኞር ሪኖ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ከተማው ጣሊያን ሁሉ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። መምህር በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከክምሩ አንድ ወረቀት ለመምረጥ ጎንበስ አልኩ። መጽሐፉን እወደው ስለነበር እጄ የገባውን አላነሣሁም። እያገላበጥኩ ከሁሉ ወፍራሙን፣ ከሁሉ ነጩን ፈልጌ አወጣሁ።

በዚያ ክምር ውስጥ ከሁሉ ወፍራምና ነጭ የሚሆነው የትኛው ወረቀት እንደሆነ አሁን እናንተም ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ግን ያን ጊዜ ያየሁት ነጩን ፊት ብቻ ነው። አተምኩ፣ ቀለሙን አናፈስኩ፣ ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬ ለመምህር ሰጠሁ። «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከመርማሪው ቢሮ አንድ መልእክተኛ መጣ። መምህር ተስፋይ እዚያው ናቸው፣ የዘጠነኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ገጽ ያተመው ሠራተኛም ይፈለጋል አለ። ኮቴን ስለብስ አቦይ ሃብተ እስከ በር ሸኙኝ። የሰርክ ቃላቸውን በጆሮዬ ደገሙልኝ፦ «ዝም አይነቅዝም፣ ወደይ። እናትህንና እኅቶችህን አስብ።»

መርማሪው ወጣት፣ ጨዋ፣ አማርኛው የሚጣፍጥ ሰው ነበር። መምህር ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። እኔን ቁም አለኝ። ከፊቱ ፕሮቫዎቹ ተደርድረዋል።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት» አላቸው። «መጽሐፍዎን ወድጄው ነበር። ስምንቱን ምዕራፍ ለባለቤቴ ሳይቀር ተርኬላታለሁ። የተረት አገር ነው፣ ምን ክፋት አለው ብዬ ላሳልፈው ነበር።» ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት አነሣና ገለበጠው። «ይህንን እስካይ ድረስ።»

ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደና በብርሃኑ ላይ አነሣው። የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ይነክሳል፤ ሁለቱም ፊት ባንድ ጊዜ ታየ። በአንድ በኩል ነጋሪው ጎተራው ሙሉ ነው፣ የተለየ የሚያወራ ምቀኛ ነው ይላል። በሌላው በኩል በቆላው ሰላም ነው፣ የተለየ ወሬ የሚያወራ የሰላም ጠላት ነው ይላል።

«በአጋጣሚ ነው ልትለኝ ነው?» አላቸው መምህርን። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ከዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል ይህ ምዕራፍ፣ በዚህ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ? ተረት መስሎ ገብቶ መንግሥትን ሐሰተኛ ሊል?»

መምህር ወረቀቱን ያኔ ገና ማየታቸው ነበር።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ገጽ ያተምከው አንተ ነህ?»

«እወ… አዎ፣ ጌታዬ።»

«ወረቀቱን ማን መረጠው?»

የምለው ነገር አጭር ነበር። እኔ መረጥኩት፤ ልማዳችን ነው፤ የታተመውን ፊት አናየውም፤ የቤቱን ክምር መጥታችሁ እዩት። ይኼው ነው። ምናልባት ይታመን ነበር፣ ምናልባት አይታመንም ነበር። መጥተው ክምሩን ቢያዩ ግን የተበላሸ የመንግሥት ማስታወቂያ ለስንት ዓይነት ነገር እንደዋለ ያገኛሉ፤ ቤቱ ይዘጋል፤ እኔም ታስሬ እናቴ ትራባለች ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ስል ብዙ ያሰብኩ እመስላለሁ። ፈራሁ። ሌላ ነገር የለም።

«እኔ የተሰጠኝን ነው የምሠራው» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። መምህር ቀና ብለው አዩኝ፤ ምዕራፍ ዘጠኝን ሲያርሙ እንዳዩኝ ያለ ረጅም አስተያየት ነው። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ።

«እውነቱን ነው» አሉት። «ልጁ የተሰጠውን ነው የሠራው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። እሱን ልቀቀው።»

ተለቀቅሁ። እሳቸው ከዚያ ክፍል ሲወጡ አላየሁም። ወደ ሩቅ አገር እስር ቤት ተላኩ ሲባል ሰማሁ። የእጅ ጽሑፉ እዚያው ቢሮ ቀረ።

በማግስቱ የታሰሩት ገጾች ይፈቱ የሚል ትእዛዝ መጣ። አቦይ ሃብተ ገጾቹን አንድ በአንድ አምጥተው ፊቴ ደረደሩ። «አንተ ለቀምከው፤ አንተ መልሰው» አሉኝ። የዚያን ያህል ፊት ነሥተውኝ አያውቁም።

ቅን አምባን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ፈታኋት። ነጋሪው ሐሰተኛ ከመሆን ወደ እውነተኛነት ተመለሰ፤ ጎተራው ሞላ፤ አርባው ቤተሰብ ከአምባው ወረዱ። አለቀስኩ። እርሳሱ ላይ የወደቀውን እንባ በጨርቅ እየጠረግሁ ወደ ሳጥኑ እመልስ ነበር፤ እርጥብ እርሳስ ይሻግታልና።

አቦይ ሃብተ ሁለተኛው ቀን ላይ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው አብረውኝ መመለስ ጀመሩ። «ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ለራሴ የምለውን ነው ላንተ የሰጠሁህ። እህቴ ያን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይታ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ‹ምን ይላል?› ብላ ጠየቀችኝ። የፈረስ ሽያጭ ነው አልኳት።» ገጹን ጨርሰን ተነሣን።

ሰይድ ሻሂ ሲያቀብለኝ እንደ ልማዱ «ጎተራውን ከፈቱት?» አለኝ።

«አልከፈቱትም። መጽሐፉ ቀረ።»

ብርጭቆውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ባለቤቱስ?»

«ታሰሩ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ወደ ፊደል ሳጥኔ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጎተራው ጠይቆኝ አያውቅም። ሻሂውን ግን እስከ መጨረሻው ያቀብለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አቦይ ሃብተ ሞቱ፤ ካፖነቱም የ«ቐ» ቆርቆሮም ለእኔ ተረፉ። የደግ አገር ልብ ወለድ ባገኘሁ ቁጥር ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ሁሉም ውስጥ አንድ መሪ ይከፋል፤ አንባቢው መሪውን ይጠላና መጽሐፉን ዘግቶ በሰላም ይተኛል። እኔ ግን ሳነብ ሌላ ሰው ነው የምፈልገው። ያን የመሪውን ወረቀት ማን ለቀመው? ማን አተመው? ማን ለጠፈው? በአብዛኛው ስሙ አይጻፍም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ጠዋት ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሰው ከጎኔ ቆመ። በከዘራ የተደገፈ፣ ጥርሶቹ ያለቁ ሽማግሌ መሰለኝ። «ክፍሎም፣ ደሓን ዶ?» ሲለኝ ነው ድምፃቸውን ያወቅሁት።

መምህር ተስፋይ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ አቦይ ሃብተ ነገርኳቸው፤ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ መቋቋም አቃተኝ።

«መምህር፣ ያን ወረቀት የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «መርማሪው ሲገለብጠው አወቅሁ። አንተ ሁልጊዜ ነጩን ነበር የምትመርጥልኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «መጽሐፉን አስታውሰዋለሁ» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ለቅሜዋለሁ፣ አንድ ጊዜ መልሼዋለሁ። ቃል በቃል ባይሆንም ዘጠኙን ምዕራፍ ልንገርዎትና እንደገና ይጻፉት። አሥረኛውንም ይጨምሩበት። ለመሆኑ ጎተራውን ማን ነበር የሚከፍተው?»

«ነጋሪው ነበር» አሉ። «ድንጋዩ ላይ ይወጣና ወረቀቱን ትቶ ‹ያነበብኩላችሁ ሐሰት ነው፣ ኑና እዩ› ብሎ በሩን ራሱ ይከፍታል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እስር ቤት ወረቀት ባገኘሁ ቁጥር ልጽፈው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ነጋሪው እንደዚያ ያደርጋል ብዬ ማመን አቃተኝ።»

በቁጣ አልተናገሩትም። አውቶቡሱ መጣ። ደግፌ አሳፈርኳቸው፤ በመስኮት በኩል እጃቸውን አነሡልኝ። እኔ የምሳፈረውም እሱኑ ነበር፤ ግን አልተሳፈርኩም።

በስተርጅና በኔ እጅ ላለፉ ጀማሪዎች ሁሉ ሁለት ነገር አስተምሬያለሁ። አንደኛ፣ ወረቀት ከማተማችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ሁለተኛ፣ ይህን ማን ሠራው ስትባሉ፣ የሠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ እኔ ነኝ በሉ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት አላስተማርኩም፤ የእኔው ነቅዟል።